የአባዬን ቮልስ ከአባይ በርሃ ላወጡልኝ መካኒክ

ይህን ጽሁፍ መጋቢት ላይ ልለጥፈው ነበር። እጄን ያዝ አደረግኩ። «መጀመሪያ ዳገቱን ትውጣና» አልኩ። ለፋሲካ ደብረ ማርቆስ ደርሳ ተመልሳለች። አሁን አፌን ሞልቼ ማመስገን እችላለሁ።

መኪናዋ የአባዬ ቮልስ ናት። በፈረንጆቹ 1968 የተሠራች፣ ሞተሯ 1300። አባዬ (ነፍሱን ይማርና) «ጃንሆይን እንኳን የወሰደች መኪና ናት» እያለ ይቀልድባት ነበር። ንጉሡ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስ ስለሆነ ነው። እናቴ በዚህ ቀልድ አትስቅም ነበር። እኔም ብዙ አልስቅም። መኪናዋን ግን እወዳታለሁ።

ቮልስ ነድቶ ለማያውቅ ትንሽ ላስረዳ። ራዲያተር የላትም፣ ውሃም አትጠጣም። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚያቀዘቅዘው ነፋስና ዘይት ነው። ያ ዘይት ደግሞ 2.5 ሊትር ብቻ ነው። የሚገርመው፣ ከፋብሪካ ስትወጣ የዘይት ፊልትሮ የላትም። ከሞተሩ ሥር በ6 ዳዶ የታሰረች ወንፊት አለች፣ በቃ። ወንፊቷ ትልልቁን ቆሻሻ ትይዛለች። ደቃቁ የብረት ብናኝ ግን ከዘይቱ ጋር እየዞረ ኩሽኔታውን (የሚሽከረከረው ብረት የሚያርፍበትን) ይበላዋል።

ጥፋቱ የጀመረው ከእኔ ነው። ጥር ላይ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ነበር፣ ደብረ ማርቆስ። በአባዬ ቮልስ ካልሄድኩ ብዬ ድርቅ አልኩ። አባይ በርሃ ላይ እንዳትሞቅብኝ ብዬ ከመንገዱ በፊት አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ስሙን አልጠራም፣ ጉዳዬ እሱ አይደለም። «ኦይል ኩለር (የዘይት ማቀዝቀዣ) እንግጠምላት» አሉኝ። ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀባቸውም። ከምን መኪና እንደተፈታ የማላውቀው ማቀዝቀዣ ከኋላ ታሰረ፣ ሁለት ጥቁር ቱቦ ተቀጠለለት፣ በፋሸታ (በቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) ጠበቀ። ከፍዬ፣ አመስግኜ፣ ጉርሻ ሁሉ ሰጥቼ ወጣሁ።

ከጎሃ ጽዮን ወርጄ ድልድዩን ስሻገር ምንም አልሆነችም። ከዚያ ወደ ደጀን የሚወስደው ዳገት ተጀመረ። ከወንዙ እስከ ላይ ወደ 1,400 ሜትር ገደማ ሽቅብ ነው። በሁለተኛ ማርሽ እያዘገምኩ ግማሹን እንደወጣሁ ቀይዋ የዘይት መብራት ቦግ አለች። ወዲያው ሞተሩን አጠፋሁ። አባዬ መንዳት ሲያስተምረኝ «ይህቺ መብራት ከበራች መጀመሪያ አጥፊ፣ ከዚያ አስቢ» ይለኝ ነበር። ወርጄ ሳይ አስፋልቱ ላይ ረጅም ጥቁር መስመር ተሰምሯል። አንደኛው ቱቦ ከቦታው ወልቆ ተንጠልጥሏል።

አንድ የአይሱዙ ሹፌር ቆመልኝ። ከጎማዋ ሥር ድንጋይ አደረገልኝ፣ ውሃ ሰጠኝ፣ ደጀን ድረስም ጎተተኝ። ስምህን እንኳ ሳልጠይቅህ ቀረሁ፣ ወንድሜ። ይህ ምስጋና ላንተም ነው። ለሠርጉ አልደረስኩም፣ ለመልሱ ደረስኩ። ቮልሷ አዲስ አበባ የገባችው በአይሱዙ ተጭና ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ሰው ልምጣ። የሰፈራችን ባለታክሲ ነው የጠቆመኝ። ጋራዣቸው ቄራ አካባቢ ነው። የቆርቆሮ በር፣ ጠባብ ግቢ፣ ምልክት የለው ምን የለው። ስማቸውን አትጻፊ ስላሉኝ እዚህ ጋሼ እላቸዋለሁ። ስጠራቸውም እንደዚያው ነው።

የመጀመሪያ ቀን ወንድሜ አብሮኝ ነበር። ጋራዥ ስንሄድ ሰው የሚያናግረው ሁልጊዜ እሱን ነው። ወንድሜ ካንዴላና ፊልትሮ አይለይም። ጋሼ ግን ሁለታችንንም አይተው «ማን ነው የሚነዳት?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ወንድሜን ዞር ብለውም አላዩት።

«መብራቱ ከበራ በኋላ ምን ያህል ሄድሽ?»

«አልሄድኩም ጋሼ፣ ወዲያው አጠፋሁት።»

«ጎሽ፣ የኔ ልጅ። እንግዲያው ሞተርሽ አልሞተም።»

የወለቀውን ቱቦ አንስተው በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት። እንደ ሊጥ ሰመጠ። ለእኔም አስጫኑኝ። የራዲያተር ቱቦ ነው ለካ! የውሃን ሙቀት ይችላል፣ ዘይት ሲነካው ግን እያበጠ ይለሰልሳል። በዚያ ላይ ጠዋት ዘይቱ ቀዝቅዞ ወፍሮ ሳለ ሞተር ሲነሳ የዘይት ፖምፓው የሚገፋበት ኃይል ከፍተኛ ነው። ፋሸታ ያንን አይዝም። ጋሼ የሠራውን ሰው አልሰደቡም። «ቸኩሎ ነው» ብቻ አሉ።

አዲስ ማቀዝቀዣና ፊልትሮ እንዲገጥሙልኝ ስጠይቃቸው ግን እሺ አላሉኝም። መጀመሪያ ለምን እንደምትሞቅ ማወቅ አለብን አሉ። እኔ የዳገቱና የበርሃው ጥፋት ነው ብዬ ነበር። የቮልስ ሞተር በ4 ብሎን ነው የተያዘው፤ እሳቸውና ረዳታቸው ሻይ እስክጠጣ አወረዱት። ከዚያ እያንዳንዱን ነገር እየጠሩ አሳዩኝ። በሞተሩ ዙሪያ ያለው የላስቲክ ማሸጊያ ግማሹ የለም። እሱ ከሌለ ከጭስ ማውጫው በኩል ያለው ትኩስ አየር ወደ ላይ ይመለስና ሞተሩ የራሱን ትንፋሽ መልሶ ይተነፍሳል። የእሳት አሰጣጡ ጊዜ ተዛብቷል። ከፋብሪካ የመጣው የዘይት ማቀዝቀዣ ደግሞ ዘይትና አቧራ ተጋግሮበት በመሃሉ ነፋስ አያልፍም። «በዚህ ላይ ሌላ ማቀዝቀዣ መጨመር ትኩሳት ላለበት ሰው ማራገቢያ መግዛት ነው» አሉኝ። ወንድሜ ሳቀ። እኔ ስለ ከፈልኩት ገንዘብ እያሰብኩ ስለነበር አልሳቅኩም።

ሦስተኛው ሲሊንደር ቫልቮላው (ጭሱን የሚያስወጣው ክዳን) ተቃጥሎ ተገኘ። ይሄ የድሮ ቮልስ የታወቀ ሕመም ነው። በእኔዋ ሞዴል ማቀዝቀዣው የተተከለው ነፋስ ማከፋፈያው ውስጥ፣ ሦስተኛው ሲሊንደር አናት ላይ ነው። ለዚያ ሲሊንደር የሚደርሰው ነፋስ ቀድሞ በዘይቱ ሞቆ ነው። ፋብሪካው ራሱ ችግሩን አውቆ በፈረንጆቹ ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ማቀዝቀዣውን ከዚያ አውጥቶ ለብቻው መንገድ ሠራለት። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ የልጃቸውን ውጤት የሚናገሩ ይመስላሉ።

ከዚያ እውነቱን ነገሩኝ። «ከተማ ውስጥ ብቻ የምትነጂ ከሆነ ተጨማሪ ማቀዝቀዣ አያስፈልግሽም። ፊልትሮ ግን ያስፈልግሻል። ደብረ ማርቆስ እየተመላለስኩ እነዳለሁ ካልሽ ሁለቱንም እናድርግ።» ሁለቱንም ብዬ ወሰንኩ። ሊሸጡልኝ ቢፈልጉ ኖሮ ያኔ ዝም ማለት ይችሉ ነበር። እኔ እንደሆንኩ ሁሉን ለማድረግ ዝግጁ ነበርኩ።

የሚያስፈልገውን በወረቀት ጻፉልኝ፤ ዲሲ ያለች የአጎቴ ልጅ ለእረፍት ስትመጣ በሻንጣ አመጣችልኝ። ከዝርዝሩ አንዷን መስመር ግን ሁለቴ አስምረውባት ነበር፦ ፊልትሮው የሚታሰርበት ጥርስ ከአሮጌ ሃይሉክስ ፊልትሮ ጋር አንድ ይሁን። ምክንያቱም እሱ ሶማሌ ተራ፣ የመኪና መለዋወጫው ገበያ፣ በማንኛውም ሰዓት ይገኛል። ከውጭ በሚመጣ ፊልትሮ የምትሠራ መኪና ዘይት መቀየሪያዋ ሲደርስ ትቆማለች። ዕቃው ሲመጣ የሃይሉክሱን ፊልትሮ ገዝተው ጥርሱንም፣ የማሸጊያ ላስቲኩን ስፋትም ለክተው ነው የተቀበሉት።

ሥራውን ባጭሩ ልንገራችሁ፣ መኪና ለማይወድ አሰልቺ ነው። ዘይቱ ከፖምፓው ክዳን ይወጣል። መጀመሪያ ፊልትሮ ይገባል፣ ቀጥሎ ማቀዝቀዣ፣ ከዚያ ወደ ሞተሩ ዋና የዘይት መስመር ይመለሳል። ፊልትሮው የሚቀድመው ቆሻሻው ማቀዝቀዣው ውስጥ ገብቶ እንዳይደበቅ ነው። ለመመለሻው የሞተሩ አካል መበሳትና ጥርስ ሊወጣለት ይገባል። ብዙ ሰው ሞተሩ እንደተገጠመ ይበሳዋል አሉ። ጋሼ እሺ አላሉም። የሚወጣው ፍቅፋቂ አንዷ እንኳ ውስጥ ከቀረች ኩሽኔታ ላይ ናት። ስለዚህ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ተበተነ፣ ተበሳ፣ እያንዳንዱ የዘይት መንገድ በቤንዚን ታጥቦ በአየር ተነፋ። ሦስት ሳምንት የፈጀውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቱቦው በብረት መረብ የተጠናከረ የሃይድሮሊክ ቱቦ ነው፣ የውስጡ ስፋት ግማሽ ኢንች። ጫፎቹ የሃይድሮሊክ ቱቦ የሚሠሩበት ቤት በማሽን ተጨምቀው ነው የታሰሩት። አንድም ፋሸታ የለም። ማቀዝቀዣው ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) በላይ ገባ፣ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፋን ተገጠመለት። ፊልትሮው ከግራው የኋላ ጎማ ጀርባ ተንጠለጠለ። ጎማው ጠጠርና ጭቃ እንዳይረጭበት ከላሜራ መከለያ ቆርጠው ሠሩለት፤ ይሄ በወረቀቱ ላይ አልነበረም፣ ገንዘብም አልጠየቁበት። መሃል ላይ ቴርሞስታት አለ። ዘይቱ 80 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ወደ ማቀዝቀዣው አያሳልፈውም። የአዲስ አበባን የጠዋት ብርድ ለሚያውቅ ይሄ ቅንጦት አይደለም። የቀዘቀዘ ዘይትም ሞተር ይጎዳል።

የማልረሳው የማስነሻውን ቀን ነው። ፊልትሮውን ዘይት ሞልተው አሰሩት። ዘይት ጨመሩ፤ 2.5 ሊትር የነበረው አሁን 3.5 ሊትር ገደማ ነው። ከዚያ ቁልፉን ሰጡኝና «አትነሳም፣ አትደንግጪ» አሉኝ። የእሳቱን ሽቦ ነቅለውታል። ሞቶሪኖው (የሞተር ማስነሻው) ብቻ እየዞረ ቀይዋ መብራት እስክትጠፋ ጠበቅን። ስትጠፋ «አሁን ዘይቱ ቤቱን አወቀ» አሉ። ሽቦውን መለሱ። በመጀመሪያው ንኪ ተነሳች። እናቴን ደውዬ ድምፁን አሰማኋት፣ ስልኩ ውስጥ ዝም አለች።

ያን ቀን ግን አልሰጡኝም! ከሥሯ ካርቶን አንጥፈው አሳደሯት። ጠዋት ካርቶኑ ላይ አንዲት ጠብታ ነበረች። ሌላ ሰው «የቮልስ ነገር» ብሎ ያልፋት ነበር። እሳቸው ከየት እንደመጣች ፈልገው ከወንፊቷ ሥር አገኟት፣ ጓርኒሲዮኑን (ማሸጊያውን) ቀየሩ፣ አንድ ቀን ደግመው አሳደሯት። እኔ ተናድጄ ነበር፣ አልዋሽም።

ለእጃቸው ሥራ 14,000 ብር ነው የጠየቁኝ፣ ቫልቮላውንና መበተኑን ጨምሮ። ለዕቃ የወጣው ሁሉ ከነደረሰኙ ተሰጠኝ። የተረፈችውን የቱቦ ቁራጭ ሳይቀር በፌስታል አድርገው መለሱልኝ። የድሮውን ቫልቮላም።

ለፋሲካ ስሄድ አዲስ የተገጠመላትን የዘይት ሙቀት መለኪያ እያየሁ ነዳሁ። ሜዳው ላይ 90 አካባቢ። በዚያው ዳገት፣ በዚያው ሁለተኛ ማርሽ፣ የደረሰችበት ከፍተኛው 108 ነበር። ደጀን ገብቼ ቡና እስክጠጣ ወርዷል። ባለፈው የቆምኩበት ቦታ ላይ ጥቁሩ መስመር አሁንም በደብዛዛው ይታያል። ጡሩንባ አድርጌ አለፍኩት።

ጉድለታቸውን ካልነገርኳችሁ ጥቆማዬ ሙሉ አይሆንም። ጋሼ ይዘገያሉ። ስልክ አያነሱም። «መቼ ያልቃል?» የሚል ሰው አይወዱም፣ ሦስተኛ ጊዜ ስጠይቃቸው ሻይ አዝዘውልኝ መልሱን ተዉት። አዲስና ኮምፒዩተር የሚፈልግ መኪና አይቀበሉም። ቮልስ፣ የድሮ ቶዮታ፣ የድሮ ፔጆ ያላችሁ ግን አትለፏቸው። ዘይት ማቀዝቀዣ እንዲገጥሙላችሁ ሄዳችሁ ላስቲክ ብቻ ቀይረው ሊመልሷችሁም ይችላሉ።

አድራሻውን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጠዋት ሂዱ፣ እሑድና በዓል ዝግ ነው። ደግሞ ወንድማችሁን ወይም ሹፌራችሁን አትላኩ፤ መኪናዋን የሚነዳው ሰው ራሱ ይሂድ። ከመኪናዋ በፊት እሱን ነው የሚመረምሩት።