ለእግሬ ድጋፍ ለሠራልኝ ሰው ምስጋና (ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላላችሁ)

ሰላም ወገኖቼ። እግራችሁ ወይም የቤተሰባችሁ እግር በነርቭ ምክንያት የደከመ ካላችሁ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ ነው። ሥራው ኦርቶቲስት ይባላል። የእግር ድጋፍ፣ እዚህ ብሬስ የምንለውን፣ በሰውየው እግር ልክ የሚሠራ ባለሙያ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ነው።

በሽታዬ ሻርኮ ማሪ ቱዝ ይባላል፣ ባጭሩ ሲ ኤም ቲ። እ.ኤ.አ. በ1886 በሽታውን ጽፈው ያሳወቁት የሦስት ሐኪሞች ስም ነው። በዘር ይተላለፋል፤ ከ2,500 ሰው በአንዱ ላይ ይገኛል ይባላል፣ እኛ ሰፈር ግን ስሙን የሚያውቅ አልነበረም። ባት ይቀጥናል፣ ቁርጭምጭሚት ይደክማል፣ የእግር ጣት ወደ ላይ አልነሳ ይላል፣ ስለዚህ በደልዳላ መሬት ላይም ያደናቅፋል። አባቴ እንዲህ ነበር። ደሴ ላይ ሰው ሁሉ «ፖሊዮ ነው» ይል ነበር፣ እሱም እንደዚያ እንዳመነ አረፈ። የጫማው ጫፍ ሁልጊዜ ከተረከዙ ቀድሞ ያልቅ ነበር። እዚህ አገር የራሴ ጫማ እንደሱ ማለቅ ሲጀምር ነው ሐኪም ጋ የሄድኩት።

መጀመሪያ ሌላ ቦታ ተልኬ ነበር። ተሠርቶ የተቀመጠ ፕላስቲክ ከመደርደሪያ አንስተው ሰጡኝ፣ አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። በሁለተኛው ሳምንት ካልሲዬን ሳወልቅ ደም አየሁ። ምንም አልተሰማኝም ነበር እኮ! አደጋው እሱ ነው። የኛ እግር ስሜቱም ስለሚደክም ሲቆስል አይነግረንም።

ይሄኛው ሰው ግን ምንም ሳይለካ በፊት ኮሪደሩ ላይ አስኬደኝ። በጫማ፣ ያለ ጫማ፣ ወዲያና ወዲህ። ሥራዬን ጠየቀኝ፤ ሆቴል ወጥ ቤት ስምንት ሰዓት ቆሜ እንደምውል ነገርኩት። ከዚያ በርከክ ብሎ፣ እግሬን በእጁ ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ከጉልበቴ ሥር እስከ ጣቴ በጀሶ ጠቀለለው። ሲደርቅ ቀዶ አወጣው፤ ፕላስቲኩ በዚያ ቅርጽ ነው የሚሠራው። ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ።

ስሞክረው የቁርጭምጭሚቴ አጥንት ላይ ቀላ። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከመሳቢያው ሊፒስቲክ አወጣ! የቀላውን ቦታ ቀባና ብሬሱን አድርጌ እንድራመድ አደረገኝ። ሳወልቀው ቀዩ ቀለም ፕላስቲኩ ላይ ታትሟል። ያችን ቦታ ብቻ በሙቅ አየር አለስልሶ ወደ ውጭ ገፋት። አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ አንድም ቀን ፊቱ አልጠቆረብኝም፣ ለማስተካከያም ገንዘብ አልጠየቀኝም።

የቤተ ክርስቲያኑን ጉዳይ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ብሬስ ጫማ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው፣ እኛ ደግሞ ጫማ አውልቀን ነው የምንገባው፣ ባዶ ፕላስቲክ ደግሞ ወለል ላይ ያንሸራትታል፣ በዚህ ምክንያት ስንት ጊዜ ውጭ ቆሜ እንዳስቀደስኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ስነግረው ሰውዬው ፈረንጅ ነው፣ ስለ ቅዳሴ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ግን ስንት ሰዓት እንደምንቆም፣ ወለሉ ምንጣፍ ይሁን እንጨት፣ እንሰግድ እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ከሥሩ ስስ ጎማ ለጠፈበት። የንስሐ አባቴን ሳማክራቸው «ልጄ፣ እሱ እግርሽ ነው እንጂ ጫማ አይደለም» አሉኝ። ባለፈው እሑድ ቅዳሴውን ግድግዳ ሳልደገፍ ቆሜ ጨረስኩ። አልቅሻለሁ፣ አልደብቃችሁም።

የምትሄዱ ከሆነ የሐኪም ማዘዣ ያዙ፣ ኢንሹራንሳችሁም አስቀድሞ ይፍቀድ። ጫማ በግማሽ ወይም በአንድ ቁጥር ተለቅ ያለ፣ የውስጥ ሶሉ የሚወጣ ይሁን። ካልሲው ረዘም ይበል። በቀን በአንድ ሁለት ሰዓት ጀምሩና ባወለቃችሁ ቁጥር እግራችሁን በዓይናችሁ እዩት። ቅላቱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልጠፋ «ይለመዳል» ብላችሁ አትታገሉት፣ ተመለሱና ይስተካከል።

ልጅ ያላችሁም አስመርምሩ። በኔ ዓይነቱ ሲ ኤም ቲ ለእያንዳንዱ ልጅ የማለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ልጄ 11 ዓመቷ ነው፤ ድሮ ደረጃው ላይ እግሬ ጧ ጧ ሲል ሰምታ በር ትከፍትልኝ ነበር፣ አሁን «ማሚ፣ መቼ ገባሽ?» ትለኛለች።

ሰውዬው አማርኛ አያነብም፣ ቢሆንም በቋንቋዬ ልበለው። እጅህ ይባረክ። ሳላስፈቅደው ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አድራሻውን እልክላችኋለሁ።