የድርጭት ጫጩት ማስጀመሪያ መኖ፦ ከመኖ መደብር የትኛው ጆንያ ይገዛ?

«ለድርጭት» ተብሎ የተዘጋጀ መኖ በአገራችን መደብሮች ብርቅ ነው። መደርደሪያው ላይ የሚገኘው የዶሮ መኖ ነው፦ ብሮይለር ስታርተር (የሥጋ ዶሮ ጫጩት ማስጀመሪያ መኖ)፣ የእንቁላል ዶሮ ጫጩት መኖ፣ ኮንሰንትሬት (ከበቆሎ ጋር የሚቀላቀል ፕሮቲኑ የበዛ መኖ)። ከእነዚህ ውስጥ ለድርጭት ጫጩት የሚሆነው ብሮይለር ስታርተር ነው። እሱም ቢሆን ከጆንያው እንደወጣ የሚሰጥ ሳይሆን ተፈጭቶና በአኩሪ አተር ፋጉሎ ተደግፎ ነው።

የድርጭት ጫጩት ከእንቁላሉ ሲወጣ ከ6 እስከ 8 ግራም ብቻ ይመዝናል። የሥጋ ዶሮ ጫጩት ግን በመጀመሪያ ቀኑ 40 ግራም ገደማ ነው። ያቺ ትንሽ ድርጭት ታዲያ በ6 ወይም በ7 ሳምንት ዕድሜዋ እንቁላል ትጀምራለች። ይህን ፍጥነት የሚሸከም መኖ 24 በመቶ ገደማ ፕሮቲን፣ 1.3 በመቶ ላይሲን፣ 0.5 በመቶ ሜቲዮኒን (ሁለቱም ፕሮቲን የሚገነባባቸው ንጥረ ነገሮች ናቸው) እና 0.8 በመቶ ገደማ ካልሲየም ሊኖረው ይገባል። መደብር ስትገቡ ቁጥሮቹን በወረቀት ይዛችሁ ሂዱና ከጆንያው መለያ ጋር አስተያዩ። መለያ የሌለው ጆንያ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት አይገዛም።

ብሮይለር ስታርተር ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 22 በመቶ ፕሮቲን አለው። ኃይል ሰጪነቱ ጥሩ ነው፤ ካልሲየሙም ጫጩቱን አይጎዳም። የሚቀረውን ፕሮቲን ለመሙላት 21 በመቶ ፕሮቲን ያለውን ስታርተር 8.7 ኪሎ፣ 44 በመቶ ያለውን የአኩሪ አተር ፋጉሎ 1.3 ኪሎ አድርጋችሁ ብትቀላቅሉ 24 በመቶ የሆነ 10 ኪሎ መኖ ታገኛላችሁ። አቀላቀሉ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፋጉሎውን በቀጥታ ክምሩ ላይ አታፍሱት። መጀመሪያ ተመጣጣኝ መጠን ካለው ስታርተር ጋር በደንብ አዋህዱት፣ ከዚያ ወደ ቀሪው ጨምሩት። አለበለዚያ አንዱ ጫጩት ፋጉሎ ብቻ፣ ሌላው ስታርተር ብቻ ይበላል።

ፋጉሎው በሙቀት የበሰለ መሆን አለበት። ጥሬ አኩሪ አተር ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለው፤ ጫጩቱ እየበላ ይቀጭጫል። ጥሬው የአረንጓዴ ባቄላ ሽታ ይሸታል፣ ምላስ ላይም ይመራል። ደህና የበሰለው ወርቃማ ሆኖ የተቆላ እህል ይሸታል። ጠቁሮ ያረረውንም ተዉት፤ ላይሲኑ በእሳት ተጎድቷል። የኑግ ፋጉሎ ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ይመኘዋል፤ ነገር ግን አሰሩ ብዙ፣ ላይሲኑም ዝቅተኛ ስለሆነ ለዚህ ዕድሜ አይመከርም።

ቀጥሎ የፍሬው መጠን ነው፤ ጫጩት በብዛት የሚሞተውም እዚህ ጋ ነው። ክራምብል የሚባለው ፍርክስካሽ ለዶሮ ጫጩት አፍ የተሠራ ነው። ድርጭቷ ትነቁረዋለች፣ ትጥለዋለች፣ ሳህኑ ሙሉ ሆኖ በረሃብ ታልቃለች። ልኩ ከጤፍ ፍሬ የሚበልጥ፣ ከሰሊጥ የማይበልጥ ነው። በሙቀጫም ሆነ በቤት መፍጫ ማድረስ ይቻላል፤ ግን የሁለት ወይም የሦስት ቀን ብቻ ፍጩ፣ የተፈጨ መኖ ቶሎ ይበላሻልና። እንደ ዱቄት ከላመ ደግሞ ምንቃር ላይ ይጋገራል፣ ውኃውንም ያቆሽሻል።

ማሽ የሆነውን (ተፈጭቶ ብቻ የተደባለቀ፣ ያልተጋገረ) መኖ የገዛችሁ እንደሆነ ብናኙን ነፍታችሁ አትጣሉ። ቫይታሚኑ፣ ማዕድኑና የተጨመረው ሜቲዮኒን ያለው በዚያ ብናኝ ውስጥ ነው። በጥቂት ውኃ አርጥባችሁ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ስጡ። የተረፈውን አንሱ፤ በማሳደጊያው ሙቀት ውስጥ እርጥብ መኖ ፈጥኖ ይሻግታል።

የእንቁላል ዶሮ ጫጩት መኖ በኩንታል ሲታይ ርካሽ ይመስላል። በፕሮቲን አስሉት፦ 18 በመቶ ያለው 50 ኪሎ ጆንያ 9 ኪሎ ፕሮቲን ይዟል፣ 21 በመቶ ያለው ግን 10.5 ኪሎ። በዚያ ላይ ወደ 24 በመቶ ለማድረስ ከመቶው 23 እጅ ፋጉሎ መጨመር ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ቫይታሚኑና ማዕድኑ በሩብ ገደማ ይሳሳል። ሳይደገፍ የተሰጠ እንደሆነ ደግሞ ላባው ይዘገያል፣ አንዱ ጫጩት የሌላው እጥፍ ሆኖ ይታያል፣ ጣትና ጅራት መነቃቆር ይጀመራል። ለጣይ ዶሮዎች የሚሰጠው ሌየር መኖ ግን ጨርሶ አይታሰብ። ከ3.5 እስከ 4 በመቶ የሚደርሰው ካልሲየሙ የጫጩትን ኩላሊት ያበላሻል።

ኮንሰንትሬት የሚያዋጣው የራሱ በቆሎና ሚዛን ላለው፣ በብዛት ለሚያረባ ሰው ነው። ጆንያው ላይ የተጻፈው የአቀላቀል ልክ ለዶሮ የወጣ ስለሆነ ለድርጭት ኮንሰንትሬቱ ከፍ ማለት አለበት። ለ50 ጫጩት በአካፋ መቀላቀል ግን ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

ከመክፈላችሁ በፊት የተመረተበትን ቀን እዩ፣ እጃችሁን ከትታችሁ አሽትቱ። ጓል የሠራ፣ ሻጋታ ወይም የቆየ ዘይት የሚሸት ከሆነ መልሱት። አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ለድርጭት ጫጩት ክፉ ነው፤ የሻገተውን ለቅሞ ቀሪውን ማብላትም አያድንም። መለያው ላይ የኮክሲዲያ (አንጀት የሚጎዳ ጥገኛ ተውሳክ) መድኃኒት መኖሩንም አጣሩ፤ ካለ በውኃ ሌላ አትደርቡ። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሞኔንሲን ያለበትን ትራፊ ለፈረስና ለአህያ አትስጡ፣ ይገድላቸዋል።

መጠኑን በተመለከተ፣ ብክነቱን ጨምሮ እስከ 3 ሳምንት ለአንድ ጫጩት 200 ግራም ገደማ ያዙ፤ ለ100 ጫጩት 20 ኪሎ ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት መኖውን በሻካራ ጨርቅ ላይ በትኑት፣ ውኃ መጠጫው ውስጥ እንዳይሰምጡ ጠጠር አድርጉ። ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ፋጉሎውን ትታችሁ ስታርተሩን ብቻ መስጠት ይቻላል። የመጀመሪያው እንቁላል ሲታይ ደግሞ 20 በመቶ ፕሮቲንና 2.5 በመቶ ካልሲየም ወዳለው የመጣያ መኖ በ5 ወይም በ7 ቀን ቀስ በቀስ አሻግሯቸው።