"እሳት ይችላል" ብለው የሸጡልኝ ቀለም፦ ጥብስ ቤትና ዳቦ ቤት ያላችሁ ተጠንቀቁ

ይህን የምጽፈው ነሐሴ 18 ማታ ነው። ቆሽቴ እያረረ ነው፤ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬም ሆነ ደጀን፣ አሮጌ የጋዝ ግሪል ለማደስ ያሰባችሁ ሁሉ እባካችሁ አንብቡት። የሱቁን ስም አልጽፍም። ዓይነቱን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የቀለም ጣሳ እስከ ጣሪያ የተደረደረበት፣ ከኋላው ጨለማ መጋዘን ያለው፣ ባለቤቱ ስልክ ላይ ሆኖ ልጁ የሚያስተናግድበት። የጠየቃችሁት ዕቃ ሁሉ "አለ" ነው። የለም የሚል ቃል እዚያ ቤት አልተፈጠረም።

ግሪሏን ዓምና ባሕር ዳር ሄጄ ዕቃውን ሸጦ ከሚለቅ ሰው ገዛኋት። ባለ 3 በርነር ናት። በርነሮቿ ጤነኛ ናቸው፣ ክዳኗንና ጎንና ጎኗን ግን ዝገት በልቶት ነበር። መቼም ፍልሰታ ሲገባ ጥብስ ቤት ሥራ የለውም፤ እኔም ነሐሴ 1 ሲሊንደሩን ነቅዬ ብትንትኗን አወጣኋት፣ ነሐሴ 16 ጾሙ ሲፈታ አዲስ ሆና ትጠብቀኝ ብዬ። ከሁለት ሠራተኞቼ ጋር አራት ቀን ሙሉ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግናት። ከክዳኑ ውስጥ እንደ ዛፍ ቅርፊት እየተላጠ የሚወርደውን ጥቁር ነገር ቀለም ነው ስል ኖሬ ነበር፤ ለካ የዓመታት ስብና ጥላሸት ተጋግሮ ነው። እሱን በሙቅ ውሃና በሳሙና አነሳነው። ብረቱ እስኪነጣ ድረስ ሠራን፤ እጄ ላይ ያለው ቁስል እስካሁን አልደረቀም። የሚያንገበግበኝ አንዱ ይኸው ድካም ነው።

ነሐሴ 6 ከሰዓት ዝናቡ ሲያባራ ቀለም ልገዛ ሄድኩ። ሳልጠይቅ የገዛሁ እንዳይመስላችሁ። "ለግሪል ክዳን ነው፣ ከሥሩ ቀኑን ሙሉ እሳት ይነዳል፣ የሚችል ቀለም አላችሁ?" አልኩት ልጁን። "አለ እትዬ፣ ምን ጠፍቶ!" አለኝ። የወንድሜ ልጅ 600 ዲግሪ የሚል ፈልጊ ብሎኝ ስለነበር ስንት ዲግሪ እንደሚችል ጠየቅኩት። ዓይኑን እንኳ ሳያርገበግብ "600 ምን አላት እትዬ፣ ይሄ 800 ነው" አለኝ።

ከዚያ ያደረገውን ልንገራችሁ፤ ሌት ተቀን ዓይኔ ላይ የሚመላለሰው እሱ ነውና። ከባንኮኒው ሥር መዳፍ የምታህል፣ በጥቁር ቀለም የተቀባች ቆርቆሮ አወጣ። ከኪሱ ላይተር መዝዞ ለኮሰና ነበልባሉን ከቆርቆሮዋ ሥር ያዘው። "ይዩልኝ እትዬ" አለ። እኔም አጎንብሼ አየሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብትቆጥሩ ነው። ላይተሩን አጠፋ፣ ጥላሸቱን በአውራ ጣቱ ጠረገና ቆርቆሮዋን ወደ እኔ ገፋ አደረጋት። "ይንኩት፣ አይፍሩ!" ነካሁት። ቀለሙ እንደነበረ ነው፣ ያብረቀርቃል። አጠገቤ የቆሙት ሰዎች እንኳ "ኧረ ይሄ ጥሩ ነው" አሉ።

ሃያ ዓመት እሳት ዳር የኖርኩ ሴት ነኝ። ብረት ድስት በሦስት ቁጥር እንደማይግል ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ግሪል እኮ ከጧት እስከ ማታ ነው የሚነደው። ደግሞ ቆርቆሮዋ የተቀባችው ከሚሸጥልኝ ቀለም ለመሆኑ ምን ማስረጃ ነበረኝ? ይህንን ሁሉ ያሰብኩት ቤቴ ገብቼ፣ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። እዚያ ቆሜ ግን ልጁ "እትዬ" እያለ ሲያቆላምጠኝ አመንኩት።

ጣሳውን አሳየኝ አልኩት። "በትልቁ ነው የሚመጣው፤ ለምን ትርፍ ይገዛሉ፣ የሚበቃዎትን ልቅዳልዎት" አለ። አሁንም ያሰበልኝ መሰለኝ። ወደ መጋዘኑ ገባ፤ በካቻቢቴ የጣሳ ክዳን ሲፈነቅል ድምፁን ሰማሁ። ሲመለስ አንድ ሊትር ጥቁር ቀለም በሀይላንድ ይዞ መጣ። ጽሑፍ የለው፣ ምልክት የለው። በዚያ ላይ "ከሥር ይሄን ካልቀቡበት አይይዝልዎትም" ብሎ የበርና መስኮት ቀይ አንቲረስት፣ ያን የዝገት መከላከያ ቀለም፣ ጨመረልኝ። "የክዳኑን ውስጥም ይቀቡት፣ ያምርልዎታል" ያለኝም እሱ ነው። ይህቺን ቃል አስታውሱልኝ።

ቀለሙ 1,900፣ አንቲረስቱ 700፣ በድምሩ 2,600 ብር። "በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ይጨመራል፣ ያለ ደረሰኝ ልስጥዎት?" ሲለኝ እሺ አልኩ። 390 ብር ተረፈልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። እጄን በእጄ የቆረጥኩት እዚያ ላይ ነው።

ቀባን። አንቲረስቱን፣ ከዚያ ጥቁሩን ሁለት እጅ። በረንዳ ላይ፣ ዝናብ በማይነካው ቦታ ስድስት ቀን አስቀመጥናት። መስታወት መሰለች። ጎረቤቶቼ አዲስ የገዛሁ መስሏቸው "እንኳን ደስ አለሽ" ይሉኝ ነበር።

ነሐሴ 16 ከጧቱ 1 ሰዓት ለኮስኳት። ሸተተች። አዲስ ቀለም መጀመሪያ ሲሞቅ ትንሽ ይሸታል ሲባል ሰምቼ ስለነበር አልደነገጥኩም፤ ግማሽ ሰዓት ባዶዋን አነደድኳት። ሰው ከቤተ ክርስቲያን መምጣት ሲጀምር፣ 2 ሰዓት አካባቢ፣ የበግ ሥጋውን ደረደርኩና ክዳኑን ዘጋሁ። አምስት ደቂቃ አልሞላም። አንድ ደንበኛዬ "እንትና፣ ላስቲክ እየተቃጠለ ነው እንዴ?" አለኝ። ዘወር ስል ክዳኑ ላይ ያለው ቀለም እንደ እንጀራ ዓይን አውጥቷል። እያየሁት ይነፋል፣ ይፈነዳል። እጀታውን ስይዝ ቀለሙ ሙጫ ሆኖ ከጨርቁ ጋር መጣ። ክዳኑን ስከፍተው ደግሞ፣ ያምርልዎታል የተባልኩት የውስጡ ቀለም ከሥሩ ካለው ቀይ አንቲረስት ጋር እየተቀረፈ ሥጋው ላይ ወርዷል። ጥቁርና ቀይ ቅርፊት፣ በፍልሰታ ፍቺ ሥጋ ላይ!

7 ኪሎ ሥጋ ጣልኩ። ለውሻም አልሰጠሁትም። 15 ቀን ጾመው፣ አስቀድሰው፣ ልጆቻቸውን ይዘው የመጡ ሰዎችን ይቅርታ ብዬ መለስኳቸው። እንዲያ ስላቸው የተሰማኝን ሀፍረት ልነግራችሁ አልችልም። አንዲት እናት ሕፃን ይዘው ነበር። ክዳኑን ሳልከፍት ያን ሥጋ ለዚያ ሕፃን አቅርቤው ቢሆንስ?

በማግስቱ የተረፈውን ቀለም ይዤ የመኪና ማርሚታ ወደሚቀቡ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሄድኩ። የሀይላንዱን ክዳን ከፍተው አሸተቱትና "ልጄ፣ ይሄ እኮ የመስኮት ቀለም ነው" አሉኝ። ቁራጭ ብረት ቀብተው፣ ሲደርቅ በጋዝ ችቦ አሞቁልኝ። ዓይኔ እያየ ያው እንጀራ ዓይን ወጣበት።

እሳቸው እንዳስረዱኝ ተራ ሲንተቲክ ቀለም፣ ማለትም ይኸው የበርና መስኮቱ፣ ከ100 ዲግሪ ብዙ ሳያልፍ መበላሸት ይጀምራል። ክዳኑ ተዘግቶ የሚነድ ግሪል ግን ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ይገባል፤ በርነሩ አጠገብ ያለው ብረት ደግሞ ከዚያም በላይ ይግላል። እውነተኛው ሙቀት የሚችል ቀለም በሲሊኮን የተሠራ ነው፤ ጣሳው ላይ 600 ወይም 650 ዲግሪ የሚል ተጽፎበት፣ አብዛኛውን ጊዜ በስፕሬይ ይመጣል። ጥቁሩ አያብረቀርቅም፣ ደብዛዛ ነው። "ሲያብረቀርቅ ያኔ መጠርጠር ነበረብሽ" አሉኝ። እኔ ደግሞ የተደሰትኩት በማብረቅረቁ ነበር! አንቲረስቱም ሌላ ጥፋት ነው። የሙቀት ቀለም በጸዳ ባዶ ብረት ላይ ነው የሚያርፈው፤ ከሥሩ ተራ አንቲረስት ካለ እሱ ቀድሞ ይቃጠልና የላዩን ይዞት ይነሳል። ደግሞም የሙቀት ቀለሙ አየር ላይ የደረቀ ይመስላል እንጂ አይጠነክርም፤ የሚያጠነክረው ቀስ በቀስ ማሞቅ ነው። መጀመሪያ በትንሽ እሳት፣ ማቀዝቀዝ፣ ከፍ ማድረግ፣ እንደገና ማቀዝቀዝ። ያ ሁሉ ሲሆን ሥጋ ከአጠገቡ አይደርስም።

የክዳኑን ውስጥ ቀቢ መባሌን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ፍርግርጉም፣ የክዳን ውስጡም፣ ምግብ ያለበት ወገን ሁሉ ቀለም አይነካውም፤ የሙቀቱ ቀለም እንኳ ለውጪው ብቻ ነው። ለአንድ ሊትር ቀለም ብሎ ሰው ሥጋ ላይ ቀለም እንዲበላ የሚመክር ልጅ ምን ዓይነት ልብ አለው?

ከእሳቸው በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድኩ። የተቀረፈውን በወረቀት ጠቅልዬ፣ የተረፈውን ቀለም ይዤ። ልጁ አየኝ፤ አልረሳኝም፣ ዓይኑ ነግሮኛል። "ከእኛ ነው የገዛሽው? ደረሰኝ አለሽ?" አለኝ። ከአሥራ አንድ ቀን በፊት "እትዬ፣ ይዩልኝ" ያለኝ ልጅ አሁን "አንቺ" አለኝ። ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ስዘረጋው፣ "በአንቺ ቤት እሳት ላይ ተጥዶ የማይቃጠል ነገር አለ? ዝናብ ላይ ቀብተሽው ይሆናላ" አለና ሳቀ። ባለቤቱን ጠራሁት። ከስልኩ ቀና ሳይል ግድግዳው ላይ ያለውን "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚል ጽሑፍ በእጁ አሳየኝ። ከኋላዬ ሲሚንቶ የሚጠብቅ ሰው ነበር፤ ልጁ በእኔ ትከሻ ላይ አልፎ "አንተ ምን ልታዘዝ?" አለው። "ሴትዮ፣ መንገድ ልቀቂ" ተባልኩ። እንባዬ መጣ፤ እዚያ እንዳያዩብኝ ወጣሁ።

ያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ እንዳያስደነግጣችሁ። በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርላችሁ ወይም ገንዘባችሁ እንዲመለስ መጠየቅ ትችላላችሁ። እኔ በ11ኛው ቀን ነበር የሄድኩት። በእጄ ግን ደረሰኝ የለም፤ ለ390 ብር ብዬ መብቴን ሸጬዋለሁ። ስለዚህ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ የቀለሙ ዓይነትና ዲግሪው ይጻፍበት። በሀይላንድ የተቀዳ ቀለም አትግዙ። የታሸገውን፣ ዲግሪው የተጻፈበትን አይታችሁ ግዙ፤ ከተማችን ከሌለ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው አስይዙ። በላይተር የሚያሳያችሁን አትመኑ።

አንድ ነገር ቀርቷል፣ ይህንን ለመጻፍ የተነሳሁትም በእሱ ነው። ያን ቀን ልጁ ቀለሙን ሲያመሰግንልኝ "ባለፈው ሳምንት አንድ ዳቦ ቤት ለምድጃው በር ከዚሁ ወስዷል" ብሎኝ ነበር። እውነቱን ይሁን ለመሸጥ ያለው አላውቅም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በዚህ ክረምት የምድጃችሁን በር ወይም ውስጡን በሀይላንድ በመጣ፣ በሚያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም የቀባችሁ ካላችሁ፣ ዳቦ ከማስገባታችሁ በፊት በጥፍራችሁ ፋቁት። ከሥሩ ቀይ ከወጣ እሳቱን አጥፉ። የእኔ የተረፈው ቀለም ግማሽ ሀይላንድ ያህል ነው፤ ከእናንተው ጋር ማመሳከር የምትፈልጉ ኑና እዩት፣ አሽትቱት። ግሪሏም በረንዳው ላይ አለች፤ ነገ ጧት ከልጆቹ ጋር እንደገና መፈግፈግ እንጀምራለን።