ቀጭን ማማ ወይስ ዝቅ ያለ ሰፊ ሕንፃ?

መሀል ከተማ ላይ አዲስ ኮንዶሚኒየም ሊሠራ ሲል ክርክሩ ቁመቱ ላይ ነው። 30 ፎቅ ይሁን 8?

ረጅሙ ቀጭን ከሆነ ጥላው አንድ ቦታ ላይ አይቆይም፤ ከጎኑም ሰማይ ይታያል። የካናዳዋ ከተማ ቫንኩቨር የታወቀችው በዚህ ነው፤ ከታች ዝቅ ያለ መሠረት፣ ከላዩ ቀጭን ማማ። ግን ማማው የላይኛውን ነፋስ ወደ እግረኛው ያወርዳል። ሊፍት ሲበላሽ ደግሞ አዛውንቶች ቤት ይቀራሉ።

8 ፎቁ መንገዶቹን ተከትሎ ዙሪያውን ተሠርቶ መሀሉ ግቢ ሲሆን ብዙ ቤት ይይዛል። የባርሴሎናው ኤሻምፕላ ያለ ማማ ጥቅጥቅ ያለ ሰፈር ነው። እናት ከ4ኛ ፎቅ ግቢ የሚጫወት ልጇን መጥራት ትችላለች። ለእኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ወደ ግቢው የዞሩት የታችኛው ወለል ክፍሎች ግን ብርሃን ያንሳቸዋል።

እኔ ዝቅ ያለውን እመርጣለሁ። ሆኖም የትኛውም ቢሠራ፣ መንገድ ዳር ያለው ወለል የመኪና ማቆሚያ ግድግዳ ከሆነ ሰፈሩ ጭር ይላል። ሱቅና በር ይሁንበት።