ለድሮ ቮልስ የቱ ይሻላል? ኮንታክት ፖይንት፣ ኤሌክትሮኒክ ሞጁል ወይስ ጠንካራ ቦቢና

ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር የሚመላለስ ሰው መንገዱን ያውቀዋል። ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ። በመካከል ሞተር ቢጠፋባችሁ የቮልስ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ፍለጋ መከራ ነው። ስለዚህ እኔ የእሳት ዕቃ ስገዛ መጀመሪያ የምጠይቀው «ስንት ቮልት ይሰጣል?» ብዬ አይደለም። «ቢበላሽ መንገድ ዳር እመልሰዋለሁ ወይ?» ብዬ ነው።

የእኔ መኪና የ1970 ስሪት ቮልስ ነው፣ ሞተሩ 1300። የምጽፈው ካርማን ጊያ ላለውም ይሆናል፤ ስፖርት መኪና ቢመስልም ከኋላ የተቀመጠው የቮልስ ሞተር ነው። አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ከ1967 በፊት የተሠሩት ቮልሶች አብዛኞቹ ባለ 6 ቮልት ናቸው። ገበያ ላይ የሚገኘው ሞጁል አብዛኛው ለ12 ቮልት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከኮንታክት ፖይንት እንጀምር። ሥራው ቀላል ነው። ሁለት ትንንሽ ብረቶች ይገናኛሉ፣ ይለያያሉ። ሲለያዩ የባትሪውን ቮልት የሚያሳድገው ቦቢና ካንዴላው ላይ እሳት ይወረውራል። በቮልስ ክፍተታቸው 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ችግሩ ብረቶቹ መበላታቸው ነው። ካቻቢቴ ይዛችሁ የዲስትሪቢዩተሩን (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን ዕቃ) ክዳን ስትከፍቱ በአንዱ ላይ ጉድጓድ፣ በሌላው ላይ ጉብታ ታያላችሁ። በዚያ ላይ ዘንጉን የሚነካው ፕላስቲክ ቀስ በቀስ ያልቃል። እሱ ሲያልቅ ክፍተቱ ይጠባል፣ እሳቱም ይዘገያል። መኪናው ዳገት ላይ ይሰንፋል። ብዙ ሰው ካርቡራተሩን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን ከዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ሥር ነው።

ኮንታክት ፖይንት ጥሩ ጎንም አለው። ርካሽ ነው። ሲደክም ምልክት ይሰጣል እንጂ በአንዴ ጭጭ አይልም። ባትሪ ቢደክምም በግፊ የመነሳት ዕድል አለው። ትርፍ ፖይንትና ኮንዴንሰር (ፖይንቱን ከብልጭታ የሚጠብቀውን ትንሽ ዕቃ) ይዞ የሚሄድ ሰው መንገድ ላይ አያድርም።

ሁለተኛው ምርጫ ትንሹ ሞጁል ነው። የታወቀው ፐርትሮኒክስ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ኢግኒተር ነው። በኮንታክት ፖይንቱ ቦታ ይገባል። ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ከሚሽከረከረው ሮተር ሥር ማግኔት ያለው ቀለበት ይቀመጣል፤ ሞጁሉ ማግኔቱ ሲያልፍ እያየ ኤሌክትሪኩን ይቆርጣል። የሚነካካ ነገር ስለሌለ የሚበላም የለም። ውጭ የሚታየው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው። ቀዩ ቦቢናው ላይ 15 የተጻፈበት ላይ፣ ጥቁሩ 1 የተጻፈበት ላይ ይገባል። ቀያይራችሁ ብታስገቡ ሞጁሉ ሊቃጠል ይችላል። ከገጠማችሁ በኋላ ታይሚንጉን (እሳቱ የሚወረወርበትን ጊዜ) እንደገና ማስተካከል ግዴታ ነው።

እኔ ይህን ከገጠምኩ በኋላ የጠዋቱ አነሳስ ተለወጠ። በሐምሌ የደብረ ማርቆስ ብርድ አንዴ ሲነካ ይነሳል፣ ሚኒሞውም አይንቀጠቀጥም። ፈረስ ግን አልጨመረም። ደህና ፖይንት የነበረው መኪና ፍጥነት አይጨምርም፤ የሚገኘው ነገር ዛሬ ያስተካከላችሁት ከብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላም እንዳለ መቆየቱ ነው።

የዚህ ሞጁል ጠላት ቁልፍ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ተከፍቶ ከቆየ ቦቢናውም ሞጁሉም ይግላሉ፣ የመጀመሪያው ኢግኒተር (ሁለተኛም አለ፣ ኋላ እመጣበታለሁ) ሊቃጠልም ይችላል። ልጆች መኪና ውስጥ ተቀምጠው ሬዲዮ የሚሰሙበት ቤት ከሆነ ሬዲዮውን ከቁልፉ ለይታችሁ አሠሩት።

አሁን ወደ ቦቢናው። ብሩ በከንቱ የሚፈሰው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ከጥቂት ዓመት በፊት አዲስ አበባ አንድ ሱቅ ገብቼ «ጠንካራ» የተባለ ቦቢና ገዛሁ። ሻጩ ለቮልስ ይሆናል አለኝ። በኮንታክት ፖይንት ገጠምኩት። ሄድኩበትም። ፍኖተ ሰላምን አልፌ ቡሬ ሳልደርስ ሞተሩ መቆራረጥ ጀመረ፣ ከዚያ ቆመ። ክዳኑን ስከፍት ፖይንቱ ሰማያዊ ሆኗል። እንደምንም አጽድቼ ወደ ማርቆስ ተመለስኩ። የማምናቸው አንድ አንጋፋ መካኒክ ተስተር አምጥተው 15ና 1 ላይ አስነኩት። «ልጄ፣ አንድ ነጥብ አምስት ኦም ነው። ፖይንቱን ያቃጠልከው አንተ ነህ» አሉኝ። «ጋሼ፣ ሻጩ ይሆናል ብሎኝ እኮ ነው» አልኳቸው። «ተስተሩ ምን ይላል?» አሉኝ፣ ሌላ አልጨመሩም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ኦም ማለት ቦቢናው ኤሌክትሪኩን የሚገታበት ልክ ነው። 12 ቮልትን ለ3 ኦም ስታካፍሉት 4 አምፔር ይመጣል። ፖይንት ይህን ይችላል። ለ1.5 ኦም ስታካፍሉት 8 አምፔር ነው። ያን አይችልም። የመጀመሪያው ኢግኒተርም በአራት ሲሊንደር ሞተር ላይ ከ3 ኦም ያላነሰ ቦቢና ይፈልጋል። የቦሽ ሰማያዊው ቦቢና 3 ኦም አካባቢ ስለሆነ ለፖይንትም ለሞጁሉም ይሆናል። ስለዚህ ሱቅ ስትሄዱ ተስተር ይዛችሁ ሂዱ። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ትታችሁ ራሳችሁ ለኩ።

«40,000 ቮልት» የሚለውም ብዙ ሰው ያማልላል። ያ ቁጥር ቦቢናው ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ ነው። እሳቱ ግን የካንዴላውን ክፍተት ለመዝለል የበቃውን ያህል ቮልት ሲያገኝ ይዘላል፤ ከዚያ በላይ አይወጣም። ደህና ካንዴላ ያለው የቮልስ ሞተር የጣሪያውን ግማሽ እንኳ አይጠይቅም።

«እኛ ደጋ ነን፣ ጠንካራ እሳት ያስፈልገናል» የሚሉ አሉ። ተገላቢጦሽ ነው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አየሩ ሲሳሳ እሳት ይበልጥ ይቀለዋል። ካንዴላችሁ የሚጠቁረው ካርቡራተሩ ቤንዚን ስለሚያበዛ ነው። ትንሽ ጂግለር (ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈው ቀዳዳ) ከቦቢና ይቀድማል።

ታይሚንግ ግን ከፍታን ያውቃል። ደጋ ላይ አንድ ሁለት ዲግሪ ብታስቀድሙት መኪናው ደስ ይለዋል። ከዚያ አዲስ አበባ ልትሄዱ ደጀን ላይ ትደርሱና ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳላችሁ። ታች አየሩ ወፍራም ነው፣ ሙቀቱም ይጋረፋል። ከድልድዩ ማዶ ወደ ጎሐ ጽዮን ስትወጡ ያ የቀደመ እሳት ሞተሩን ያንኳኳል። ቮልስ ላይ ደግሞ የቬንቲላተሩ ጩኸት ማንኳኳቱን ይሸፍነዋል። በረሃውን የምትሻገሩ ከሆነ ፋብሪካው ያለውን ልክ አትለፉ።

ወደ ውድ ዕቃዎቹ ልለፍ። ኢግኒተር ሁለት የተባለው ቁልፍ ተከፍቶ መቆየትን ከመጀመሪያው ይበልጥ ይችላል፣ ከ0.6 ኦም ቦቢናም ጋር ይሠራል። ነገር ግን ሞጁሉ ከተበላሸ በዚያው ቦቢና በአካባቢው ወደሚገኝ ፖይንት መመለስ አትችሉም፤ ቦቢናም መቀየር ይኖርባችኋል። ለከተማ መኪና ጥሩ ነው። ለገጠር መንገድ አልመርጠውም።

123 ኢግኒሽን ሙሉ ዲስትሪቢዩተር ነው፣ የሚሠራው ኔዘርላንድስ ነው። ዘንጉ ለላላበት ዲስትሪቢዩተር ከሁሉም የተሻለ መድኃኒት እሱ ነው። የእሳቱን አቀዳደም የሚወስነው በኤሌክትሮኒክስ ስለሆነ የቆየ ስፕሪንግ አያሳስባችሁም። ዋጋው ግን ከሞጁሉ እጥፍ ድርብ ነው። ገንዘቡ ካለ ጥሩ ዕቃ ነው፣ የድሮውን ዲስትሪቢዩተር ግን አትሽጡት።

ኤምኤስዲ 6ኤን የመሰለው የእሳት ማጠናከሪያ ሳጥን በውድድር መኪኖች የታወቀ ነው። ወደ ቦቢናው ከ400 ቮልት በላይ ይልካል፣ በዝቅተኛ ዙር ላይም እሳቱን ይደጋግማል። ለ1300 ቮልስ ጥቅሙ አይታየኝም።

የእኔ ምርጫ እንግዲህ የመጀመሪያው ኢግኒተርና ባለ 3 ኦም የቦሽ ቦቢና ነው። ብር ካጠረ አዲስ ፖይንት፣ አዲስ ኮንዴንሰርና ያው ቦቢና። ከዚያ በፊት ግን የዲስትሪቢዩተሩን ዘንግ በጣታችሁ ወዲያና ወዲህ ነቅንቁት። ከተንቀሳቀሰ ፖይንት መቀየር ብር መጣል ነው። የተሰነጠቀ ክዳን ካለም ቀይሩ፤ በክረምት እርጥበት ሲገባበት ምንም ሞጁል አያድነውም።

የአወጣችሁትን ፖይንት፣ ኮንዴንሰሩንና ብሎኑን በትንሽ ፌስታል አስራችሁ ከካቻቢቴ ጋር ዳሽቦርድ ኪስ ውስጥ አስቀምጡ። ብሎኑ ከሁሉ ይበልጣል፤ ትንሽ ናት፣ ሳር ውስጥ ከወደቀች አትገኝም።