የእህቴን ልብ ድምፅ ለሰማችው ነርስ

ውድ ወገኖች፣ ይህን የምጽፈው አንዲት የራዲዮሎጂ ክፍል ነርስን በአደባባይ ለማመስገን ነው። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ቤተሰብ ኖሯችሁ፣ ቀለም ተወግቶ ሲቲ ስካን እንዲነሣ የታዘዘላችሁ ሰዎች ካላችሁም ወደ እርሷ እንድትሄዱ ለመጠቆም ነው። ስሟን በማኅበራዊ ሚዲያ እንዳላወጣ ስለጠየቀችኝ ቃሌን አከብራለሁ።

ታሪኩ የታላቅ እህቴ፣ የእትዬ ነው። እትዬ በልጅነቷ ይመላለስባት የነበረው የቶንሲል ሕመም በአግባቡ ሳይታከም ቀርቶ የልቧን ቫልቭ ጎድቶት ነበር። በ2004 ዓ.ም. ዘመድ አዝማዱና የሰፈሩ ሰው አዋጥቶ ሕንድ አገር ሄደች፤ የተጎዳው ቫልቭ ወጥቶ በብረት ተተካላት። ከዚያ ወዲህ ብረቱ ላይ ደም እንዳይረጋ በየማታው ዋርፋሪን የሚባል ደም ማቅጠኛ ትወስዳለች። እናታችን ካረፈች በኋላ ያሳደገችኝ እርሷ ናት፤ አንድ ክፍል ውስጥ ስንተኛ፣ ሌሊት ሁሉ ነገር ጸጥ ሲል፣ ከደረቷ የሚወጣው የቫልቩ ድምፅ እንደ ግድግዳ ሰዓት ቀጭ ቀጭ እያለ ይሰማኛል። እንግዳ ሰው የሚረበሽበት ድምፅ ነው፤ ለእኔ ግን ሳልሰማው እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

ባለፈው የዐቢይ ጾም ወራት ሆዷን በቀኝ በኩል እያመማት ስትቸገር ሐኪሙ ኮንትራስት የሚባለው ቀለም በደም ሥሯ ተሰጥቶ ሲቲ ስካን እንድትነሣ አዘዘ። መንከራተታችን የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። መጀመሪያ በሄድንበት ቦታ፣ እንኳን ሐኪም ነርስም ያልሆነ፣ በመስኮት ቀጠሮ የሚሰጥ ሰው ዋርፋሪን እንደምትወስድ ስንነግረው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን፣ «ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ቀለም አይወጋም፤ አቁማ በአምስተኛው ቀን ትምጣ» አለን። የሚከታተላትን ሐኪም ጠይቀን እንምጣ ወይ ብለን ስንጠይቅ «እንደፈለጋችሁ፤ ቀጠሮው ግን ያልፋችኋል» ብሎ መለሰልን። እኛም የነጭ ጋዋን ሁሉ ቃል እውነት እየመሰለን አመንነው፤ እትዬም አቆመች። ጥፋቱ የእኛም እንደሆነ አልክድም። በአምስተኛው ቀን በጠዋት ሄደን ከሁለት ሰዓት በላይ ወንበር ላይ ከተቀመጥን በኋላ ማሽኑ ተበላሽቷል ተባልን።

በማግሥቱ የሄድንበት ሁለተኛው ቦታ ደግሞ ገንዘቡን አስቀድሞ ተቀበለን እንጂ ስለምትወስደው መድኃኒት፣ ስለ ኩላሊቷ፣ ከዚህ በፊት መርፌ አስቆጥቷት ያውቅ እንደሆነ አንድም ሰው አልጠየቀም። ስለ ዋርፋሪኑ ራሴ አንሥቼ ብጠይቅ «እኛ ፎቶ እናነሣለን እንጂ ልብ አናክምም» የሚል ምላሽ አገኘሁ። ከዚያ ወጥተን መንገድ ዳር ቆመን ምን እንደምናደርግ ጠፍቶን ሳለ አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ደውሎ ይህችን ነርስ ጠቆመን። እግዚአብሔር ይስጠው።

እትዬን ለምርመራው ስታዘጋጃት አብሬ ገብቼ ነበር። ክፍሏ ትንሽና ጸጥ ያለች ናት። ሲስተር ካኑላ የሚባለውን፣ ቀለሙ የሚሰጥበትን ቀጭን ቱቦ ልታስገባ ጎንበስ ብላ የእትዬን ክንድ እያሻሸች የደም ሥር ስትፈልግ በድንገት እጇን አቆመች። ለጥቂት ጊዜ ምንም ሳትናገር አዳመጠች። ከዚያ ቀና ብላ በዝግታ፣ «እናቴ፣ የብረት ቫልቭ አለዎት እንዴ?» አለች። እትዬ አዎን ስትላት፣ «ዋርፋሪኑን ትናንት ማታ ወስደዋል?» ብላ ጠየቀች። ከአቆመች ስድስት ቀን እንደሆናት ስንነግራት ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ፤ ነገር ግን አልተቆጣችም፣ አላስደነገጠችንም፤ ካኑላውን መልሳ ትሪው ላይ አስቀመጠችና ስልኳን አነሣች። ይህን ያደረገችው ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ኮሪደሩን ሞልቶት ሳለ ነው። ሌላው ቦታ ሁሉ በወረቀት ላይ የተጻፈውን እንኳ አላነበበም፤ እርሷ ግን ያልተጻፈውን በጆሮዋ ሰማች።

የእትዬን ሐኪም ራሷ አፈላልጋ በስልክ አገኘችው፤ ደም አስወስዳ አይ ኤን አር የሚባለውን፣ ደሙ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚለካውንና የኩላሊቱን ምርመራ በዚያው ቀን አሠራችልን። የእትዬ አይ ኤን አር ከ2.5 እስከ 3.5 መሆን ሲገባው 1.2 ወርዶ ተገኘ፤ ይህ ምንም መድኃኒት ከማይወስድ ሰው ብዙም የማይለይ ነው ተባልን። በዚህ ሁኔታ ብትቆይ ቫልቩ ላይ ደም ረግቶ ወደ ጭንቅላቷ ሊሄድ፣ ስትሮክ ሊሆንባት ይችል እንደነበር የተነገረኝ ቆይቶ ነው፤ አሁንም ሳስበው ጉልበቴ ይከዳኛል። ሐኪሙ ዋርፋሪኑን በዚያው ምሽት እንድትጀምር፣ ዋርፋሪን ወደ ቦታው እስኪመለስ ቀናት ስለሚፈጅበት እስከዚያው ድረስ ጠዋትና ማታ ሆዷ ላይ ከቆዳ ሥር የሚሰጥ ሌላ የደም ማቅጠኛ መርፌ እንድትወጋ አዘዘ። ሲቲ ስካኑም ከሰዓት በኋላ ሊነሣ እንደሚችል ፈቀደ።

ታዲያ ያ ሁሉ ማቆም ለምን አስፈለገ ብዬ ሲስተርን ጠየቅኋት። ብዙውን የሕክምና ነገር አልተረዳሁትም፤ የያዝኩት ግን ይህን ነው። እጅ ላይ ባለ የደም ሥር የሚሰጠው ቀለም ከዋርፋሪን ጋር የሚጣላበት ምክንያት ስለሌለ ለዚህ ዓይነት ምርመራ ተብሎ ዋርፋሪን አይቋረጥም። ስለ ቀለሙ የሚያስጨንቃቸው ኩላሊትና አለርጂ ነው፤ ስኳር ያለበት ሰው ከሆነም ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት ይወስድ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ከአዲሶቹ የደም ማቅጠኛዎች አንዳንዶቹ በኩላሊት በኩል ስለሚወጡ፣ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ መድኃኒቱ በሰውነት እንዳይጠራቀም ይጠነቀቃሉ። ማቋረጥ የሚታሰበው መርፌ ወደ አከርካሪ የሚገባበት ወይም ከሰውነት ናሙና የሚወሰድበት ሥራ ሲኖር ነው፤ ያንንም የሚወስነው የሚከታተለው ሐኪም እንጂ መስኮት ላይ የተቀመጠ ሰው አይደለም። ይህችን የመጨረሻዋን ሁለት ጊዜ ደገመችልኝ።

ማሽኑ ውስጥ ከመግባቷ በፊት እትዬ እየተንቀጠቀጠች ነበር። ሲስተር እጇን ይዛ፣ «ቀለሙ ሲገባ ሰውነትዎ ይሞቃል፣ አፍዎን ብረት ብረት ይልዎታል፣ ሽንት ያመለጠዎትም ይመስልዎታል፤ አላመለጠዎትም፣ አይሳቀቁ» አለቻት። እትዬ ከወጣች በኋላ በስድስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት፤ «በትክክል እንዳለችኝ ነው የሆነው» አለችኝ። ካኑላው ሲነቀል ደግሞ ያን የደም ማቅጠኛ መርፌ ተወግታ ስለነበር ደሙ ቶሎ አልቆመም። ሌላ ቦታ ቢሆን ጥጡን ሰጥተው «ይያዙት» ብለው ያሰናብቱን ነበር። ሲስተር ግን ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠችና በአውራ ጣቷ ጥጡን ተጭና፣ በጾሙ ጎመን አብዝታ በልታ እንደሆነ፣ ለሆድ ሕመሙ ዳይክሎፌናክ ገዝታ ውጣ እንደሆነ እየጠየቀች፣ ደሙ እስኪቆም ድረስ ቆየች። ጎመን የዋርፋሪኑን ጉልበት እንደሚቀንስ፣ ዳይክሎፌናክ ደግሞ ከእርሱ ጋር ሲወሰድ ለመድማት እንደሚዳርግ ያወቅነው በዚያች ወንበር ላይ ነው፤ እትዬ ይህን ሁሉ ዓመት መድኃኒቱን ስትወስድ ማንም ቁጭ ብሎ አስረድቷት አያውቅም።

የምርመራው ውጤት የፈራነው ዓይነት አልነበረም፤ ተመስገን። አይ ኤን አሩም ሆዷ ላይ መርፌ በተወጋች በሰባተኛው ቀን ወደ 2.6 ተመለሰ።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ወይም የሚወስድ ያላችሁ፣ እንደ እኛ በየመስኮቱ ከመለመናችሁ በፊት ወደዚህች ሴት ሂዱ። ስሟንና የምትሠራበትን ቦታ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። ስትሄዱ የመጨረሻውን የአይ ኤን አር ውጤትና በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ያዙ፤ አንድ በአንድ አውጥታ ማየት ትፈልጋለች። ዓርብ ዓርብ ግን አትገባም።