ሂዩሚዲፋየር ለካላቴያ፦ አንድ በጋ ከሠራ በኋላ

ባለ 2.5 ሊትር አልትራሶኒክ ሂዩሚዲፋየር (ጉም እየረጨ አየር የሚያረጥብ ማሽን)፣ አዲስ አበባ ውስጥ ካላቴያ ኦርቢፎሊያ ከተባለ የቤት ውስጥ ተክል አጠገብ በጋውን ሙሉ ሠርቷል። ገንዘቡ አይቆጭም። ግን የቅጠሉ ጠርዝ ማረሩን በማሽን ብቻ አስቆማለሁ ብሎ የሚገዛ ያዝናል፤ ለዚያ ዋናው ጉዳይ ተክሉ የሚጠጣው ውሃ ነው።

ካላቴያ 60 ከመቶ አካባቢ የአየር እርጥበት ይስማማዋል። ከኅዳር እስከ ጥር ከሰዓት በኋላ የእርጥበት መለኪያው ከ40 በታች ይወርዳል፤ ያኔ አዲሱ ቅጠል እንደተጠቀለለ ይደርቃል፣ ወይም ሲፈታ ይቀደዳል። በእጅ ውሃ መርጨት የሚያቆየው ለደቂቃዎች ነው። ማሽኑ በሩ በተዘጋ ትንሽ ክፍል ውስጥ 60ን ይይዛል፤ ወደ ኮሪደር በተከፈተ ሰፊ ሳሎን ግን አይችልም። በሙሉ ኃይል በሰዓት 250 ሚሊ ሊትር ስለሚተን ታንኩ 10 ሰዓት ይቆያል። አብሮት የተሠራውን መለኪያ አትመኑት፤ ጉሙ አጠገብ ስለሆነ ከፍ አድርጎ ያነባል። ሌላ መለኪያ ቅጠሉ ከፍታ ላይ አስቀምጡ፤ ማሽኑንም 1 ሜትር ያህል አርቁት።

የሚወጣው ጉም ቀዝቃዛ ነው። ሌሊት ክፍሉ ከ16 ዲግሪ በታች ከወረደ ማጥፋት ይሻላል፤ በብርድ እርጥብ ሆኖ ያደረ ቅጠል ቡናማ ነጥብ ያወጣል።

ትልቁ ችግር ውሃ ነው። አልትራሶኒክ ውሃውን አያፈላም፤ እያንቀጠቀጠ ይበትነዋል። ስለዚህ ውሃው ውስጥ ያለው ማዕድን አብሮ ወጥቶ ቅጠሉና ጠረጴዛው ላይ ነጭ አቧራ ሆኖ ይቀመጣል፣ ውሃውን የሚያንቀጠቅጠው ዲስክም ላይ ይጋገራል፤ ጉሙ የሚቀንሰው ከዚህ የተነሳ ነው። በሳምንት አንዴ አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅሎ 20 ደቂቃ ማቆየት፣ ከዚያ በጆሮ ጥጥ መጥረግና ደህና አድርጎ ማለቅለቅ ይበቃል። በቢላ መፋቅ ዲስኩን ይገድለዋል። ታንኩ ውስጥ ያደረውን ውሃ በየቀኑ ድፉት፤ የቆየ ውሃ ባክቴሪያውን ወደምትተነፍሱት አየር ይረጨዋል።

ለሥሩ የሚጠጣው ውሃም እንዲሁ ነው። በስምጥ ሸለቆ በብዙ ቦታ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ ካላቴያ ደግሞ ለፍሎራይድ ስስ ነው፣ የቅጠሉን ጠርዝ ያሳርረዋል። ውሃውን ማሳደር ክሎሪንን ይቀንስ ይሆናል እንጂ ፍሎራይድን አይነካም፤ ማፍላት ጭራሽ ያከማቸዋል። መድኃኒቱ የክረምት ዝናብ ነው፦ የመጀመሪያው ዝናብ የጣራውን አቧራ ይጠበው፣ ከዚያ የሚወርደውን በጀሪካን ሞልታችሁ ከፀሐይ ሸሽጉ። ዝናቡ ያለቀበት ሰው በየወሩ የፖቱን ሦስት እጥፍ የተጣራ ውሃ አፍስሶ ጨዉን ማጠብ አለበት፤ ፖቱ ከታች ቀዳዳ ከሌለው ይህ ሥሩን ያበሰብሳል።

ቀይ ሸረሪት የተባለው ቅጠል የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ በደረቅ አየር ይራባል፣ ስለዚህ ማሽኑ ይቀንሰዋል፤ የቅጠሉን ሆድ በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግን ግን አያስቀርም።

ከሰኔ እስከ መስከረም ማሽኑን ከሶኬት ነቅላችሁ ታንኩን አድርቃችሁ አስቀምጡት፤ የክረምቱ አየር ለተክሉ በቂ ነው። ለሚገዛ ሰው፦ ከላይ የሚሞላና እጅ የሚያስገባ ታንክ ያለውን ይምረጥ፣ ከመክፈሉም በፊት የመለዋወጫ ዲስክ መገኘቱንና ስፋቱን ይጠይቅ።